ቀለም የሚሞላ ብዕር በደብረ ብርሃን፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው ሰኔ የጠረጴዛዬን መሳቢያ ሳጸዳ፣ በአንድ የትምህርት ዘመን ብቻ የተጠራቀሙ 34 ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎዎች አገኘሁ። በሰፈራችን ቆሻሻ የሚቃጠለው ከነፕላስቲኩ ስለሆነ እነዚያን ቀፎዎች አውጥቼ መጣል ከበደኝ። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ግንቦት ትምህርት ሳዘጋጅ የተጠቀምኩት ከጠርሙስ ቀለም በሚሞላ ብዕር ነው። ከ50 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ አሁንም ሩብ ያህሉ አለ።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ጽኑ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም ቅባትነት ያለው ወፍራም ነገር ስለሆነ ብርድ ሲመታው ይረጋል፤ ተማሪዎች ጫፉን በትንፋሻቸው የሚያሞቁትም ለዚህ ነው። የብዕሩ ቀለም ግን ውሃማ በመሆኑ በብርድ ምክንያት አንድም ቀን እምቢ አላለኝም።

ያስቸገረኝ ዳገቱ ነው። ለጥምቀት ሸዋ ሮቢት ዘመድ ጠይቄ ስመለስ፣ ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በር ዋሻ ስንደርስ የደረት ኪሴ በሰማያዊ ቀለም ርሶ አገኘሁት። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የውጩ የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በጎደለው ብዕር ውስጥ ያለው አየርም እየሰፋ ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከዚያ ወዲህ ብዕሩን ጢም አድርጌ ሞልቼ፣ ጫፉን ወደ ላይ አቁሜ እጓዛለሁ፤ ለፋሲካ በዚያው መንገድ ስመላለስ ጠብታም አልፈሰሰ።

ለሁሉም ሥራ ግን አይሆንም። በስስ የተማሪ ደብተር ላይ ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል፣ በካርቦን የሚባዛ ደረሰኝም ጠንከር ያለ ጫና ይፈልጋል። ለእነዚህ ውስጡ ብቻ የሚቀየር እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ ዘንድሮ የጣልኩት የዚያን አምስት ቀጫጭን ቱቦዎች ብቻ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን የመቃ ብዕራቸው ሲደነዝዝ በቢላ ቀርጸው መልሰው በቀለም እየነከሩ ይጽፉበታል፤ ይህን ልማድ በአቅሜ በመከተሌ ከልብ ደስ ይለኛል።

ለክረምቱ ዕረፍት ቀለሙን አፍስሼ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ለብ ባለ ውሃ አጥቤ አስቀምጠዋለሁ፤ እንደተሞላ ከከረመ ቀለሙ ውስጡ ደርቆ መተላለፊያውን ይደፍነዋል።