በረዶ ላይ ሽቅብ ለመሮጥ የትኛውን ስፓይክ ልግዛ?

«የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በጣም ስለበዛብኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ስፓይክ የምለው በረዶውን እንዲነክስ ከጫማ ሥር የሚሆነውን ጥርስ ነው። የማወራው በረዶ በለበሰ ተራራ ላይ ሽቅብ ለሚሮጡ ነው። በተለይ ቨርቲካል ኪሎሜትር ለሚሞክሩ፣ ከ5 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ 1000 ሜትር ከፍታ ለሚወጡት። እዚያ ላይ በየእርምጃው ሁለት ጣት ወደ ኋላ ከተንሸራተታችሁ አንዱን ተራራ ሁለቴ መውጣት በሉት።

ከወዲሁ ልናገር፣ እኔ የባለሰንሰለቱ ወገን ነኝ። በምትሮጡበት ጫማ ላይ የሚጠለቅ ጎማ አለው፣ ከሥሩ ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ላይ የብረት ጥርስ። የኔ ኦሪጅናል፣ ካህቱላ የሚባለው ኩባንያ ማይክሮስፓይክስ፣ በየእግሩ 12 ጥርስ አለው፤ አንዱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ዳገቱ ሲብስ ተረከዝ መሬት መንካቱን ይተዋል፣ ሥራው ሁሉ የፊተኞቹ ጥርሶች ነው።

ዋጋው ግን ያስደነግጣል። እኔም ደንግጬ ነው ፎርጅዱን የገዛሁት። የኦሪጅናሉ ሲሶ ዋጋ፣ መልኩ ቁርጥ እሱን፣ ጥርሱ እንዲያውም ይበዛል። ሁለተኛው ውድድር ላይ፣ ዳገቱ መሃል፣ ግራ እግሬ ቀለለኝ። ዞር ስል ሰንሰለቱ እንደ ጅራት ይከተለኛል። ለካ ቀለበቱ አልተበየደም፣ ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ ብቻ ነው የቆመው፤ ክብደቴን ስጥልበት ተከፈተ። ቤት ገብቼ በፒንሳ ቆለፍኩት። ቀጥሎ ደግሞ ጎማው ጣት ጋ ተቀደደ፣ ብርዱ ሲጠና እንደ ፕላስቲክ ይደርቅ ነበር። ሁለተኛ ፎርጅድ ገዛሁ (አዎ፣ አልተማርኩም)። ሦስተኛውን ስገዛ የኦሪጅናሉን ዋጋ ጨርሼዋለሁ።

በመጨረሻ የገዛሁት ኦሪጅናል አሁን አምስተኛ የበረዶ ወቅቱ ነው። አንድ ቀለበት ጠፍቶበት በሽቦ አስሬዋለሁ፣ ጥርሱን ሲደንዝ በሞረድ እሞርደዋለሁ፣ በቃ። የገዛችሁትን ከተጠራጠራችሁ ቀለበቱን በጥፍራችሁ ዳሱት፣ ስንጥቅ ካለው መልሱት። ጎማውን አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩና ጠዋት ለጥጡት። እሺ ካላለ ተራራ ላይም እሺ አይልም።

በጥርስ ፈንታ ከሥሩ ጥቅልል ሽቦ ያለውን ብዙ ሰው በርካሽነቱ ያነሳዋል። ለሜዳ፣ ለእግረኛ መንገድ ምንም አይልም። ዳገት ላይ ግን የሚወጋ ነገር ስለሌለው ይንሸራተታል፣ ድንጋይ ሲነካው ሽቦው ይበጠሳል። ርካሽነቱ ለኔ አይታየኝም።

ጥርሱ ከሶሉ ጋር የመጣ ጫማም አለ፣ የስዊድኑ አይስበግ ዓይነት። ጫፉ ተንግስተን ካርባይድ የሚባል በጣም ጠንካራ ቁስ ስለሆነ ቶሎ አይበላም። ቀላል ነው፣ መሃል መንገድ የሚወልቅ ነገር የለውም፣ ጠፍጣፋ የበረዶ ግግር ላይ ከኔው ይፈጥናል፣ እሱን አልክድም። ግን ጥርሱ አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ በረዶውን ጠልቆ አይዝም። ሒሳቡም አለ፦ ሶሉ ሲያልቅ ጥርሱም አብሮ ይጣላል። የኔን ሰንሰለት ግን አሁን ሦስተኛ ጫማ ላይ ነው የማጠልቀው።

ገንዘብ ከሌለ አሮጌ ጫማ ሶል ላይ ባለስድስት ማዕዘን ጭንቅላት ትንንሽ የላሜራ ብሎኖች እሰሩ። የሚነክሰው የጭንቅላቱ ጠርዝ ነው። ከፎርጅድ ሰንሰለት መቶ ጊዜ ይሻላል። ብሎኑ ከሶሉ ውፍረት ማጠሩን ግን አስቀድማችሁ ለኩ፣ እኔ አንዱን አሳልፌ አውራ ጣቴን ወግቻለሁ።

ባለሰንሰለቱ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። እርጥብ በረዶ ሥሩ እየተጋገረ ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረጋችሁ ያስመስላል፣ በየጊዜው እግርን ማራገፍ ግድ ነው። ልኩንም በምትወዳደሩበት ጫማ ለኩት። እኔ መጀመሪያ «ሰፋ ይበል» ብዬ አንድ ልክ ከፍ አድርጌ ወሰድኩና ጎማው እግሬ ላይ ዞረ፣ ጥርሱ ወደ ጎን ወጣ፣ የገዛ ሱሪዬን ከቁርጭምጭሚት እስከ ባት ተረተረው።