የካውንስሊንግ ፒኤችዲ፦ ኬክረፕ፣ ኤፒኤ ወይስ ርካሹ ኦንላይን?

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር አንድ ሰው ይሄን ጥያቄ ያነሳል። ኬክረፕ ለካውንስሊንግ ፕሮግራሞች፣ ኤፒኤ ደግሞ ለሳይኮሎጂ ፕሮግራሞች እውቅና የሚሰጡ የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ፣ ሦስቱም በካውንስሊንግ ማስተርስ አላቸው፣ ሦስቱም የአሜሪካ ፒኤችዲ ይፈልጋሉ፣ ሦስቱም ስልካቸው ላይ አንድ ርካሽ የኦንላይን ማስታወቂያ ከፍተው አሳዩኝ። እዚህ ልጻፈውና ሊንኩን ልላክላቸው ብዬ ነው።

ርካሹን እኔ ገዝቼዋለሁ። 2,400 ዶላር፣ በሦስት ዙር፣ ዘመድ ከውጭ እየከፈለልኝ። ስሙን አልጠራም። ባመለከትኩ በሁለተኛው ቀን ተቀበሉኝ፣ ኢንተርቪው የለም፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለጻፉልኝ መምህራን የደወለ የለም፣ «እስከ አርብ ከከፈልሽ ቅናሽ አለሽ» ብቻ። 14 ወር ከሥራ መልስ እያመሸሁ ጻፍኩ። ፕራክቲከሙስ (በክትትል የሚሠራው የተግባር ልምምድ)፣ ደንበኛ ሳማክር ማን ነው የሚከታተለኝ ስላቸው «የሥራ ልምድሽ ይያዝልሻል» አሉኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። እውቅና ሰጠን የሚሉት ድርጅት ስሙ ከትክክለኛው እውቅና ሰጪ በአንድ ቃል ነው የሚለየው፣ አሜሪካ ውስጥ የሚያውቀው የለም። እዚህ ደግሞ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሲሠራ ተቋሙ በሀገሩ እውቅና እንዳለው ያያል፣ ስለዚህ ወረቀቱን ብጨርሰውም የትም አልቀጠርበትም ነበር። ብሩም 14 ወሩም ቀረ።

እና አንድ ሳንቲም ከመላካችሁ በፊት የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዳፒፕ የሚባል እውቅና ያላቸው ተቋማት ዝርዝር አለው፣ ነፃ ነው፣ ዩኒቨርሲቲውን እዛ ፈልጉት። ቀጥሎ ፕሮግራሙን ኬክረፕ ራሱ ድረገጽ ላይ ፈልጉ፣ ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲው እውቅና አለው ማለት የካውንስሊንግ ፕሮግራሙ አለው ማለት አይደለም፣ ሁለቱ ይለያያሉ፣ ሻጮቹ የሚያምታቱትም እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ እውነተኞቹ። በኤፒኤ እውቅና ያለው የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ፒኤችዲ አለ፣ በኬክረፕ እውቅና ያለው የካውንስለር ኤጁኬሽንና ሱፐርቪዥን (ካውንስለሮችን የማስተማርና ሥራቸውን የመከታተል) ፒኤችዲ አለ። ስማቸው ይቀራረባል እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ ሳይኮሎጂስት ሆኖ ላይሰንስ ለማውጣት ነው፣ አንዳንዱ በባችለርም ይቀበላል፣ ብዙ ጊዜ 5 ወይ 6 ዓመት ይፈጃል፣ ከዲግሪው በፊት ሙሉ የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ አለው፣ እሱም በውድድር ነው የሚገኘው። የውጭ ተማሪ ደግሞ እዚህ ጋ ይጎዳል፣ ብዙ ኢንተርን የሚቀበሉት የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃሉ።

እኔ ኬክረፕን ነው የምለው፣ በተለይ ማስተርስ ይዞ እዚህ ለማስተማር ለሚመለስ። ከማስተርስ በላይ ቢያንስ 48 ክሬዲት ነው፣ 100 ሰዓት ፕራክቲከም አለው፣ ከዛ ውስጥ 40ው ፊት ለፊት ከደንበኛ ጋር ነው፣ ከዛ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ። ኢንተርንሺፑ ማማከር ብቻ አይደለም፣ ማስተማር፣ ሌላ ካውንስለር ሱፐርቫይዝ ማድረግ፣ ምርምር፣ አመራር፣ ከነዚህ ከአምስቱ ቢያንስ በሦስቱ ትሠራላችሁ። እኛ ጋ የጎደለው ይሄ ነው፣ ካውንስለር ይመረቃል፣ ከጀርባው ቁጭ ብሎ ሥራውን የሚያይለት ሰው ግን የለም። ቀሪው ኮምፕሪሄንሲቭ ፈተናና ዲሰርቴሽን ነው፣ እሱ በሁለቱም ያው ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፣ የኬክረፕ ማስተርስ አሁን 60 ክሬዲት ነው፣ የኛ የሁለት ዓመት ማስተርስ እዛ አይደርስም፣ ስለዚህ ማካካሻ ኮርሶች ሊጨምሩባችሁ ይችላሉ። ስንት ኮርስ፣ ማን ይከፍለዋል፣ ይሄን ከመቀበላችሁ በፊት በኢሜይል አስጽፉ፣ በስልክ የተነገረ አይቆጠርም።

ብሩን እንየው። ኬክረፕ ያለው ኦንላይንም አለ፣ እውነተኛ ነው፣ ግን አሲስታንትሺፕ (እዛው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እየሠሩ መማር) የለውም በሉት። ክሬዲቱ 600 ዶላር ነው ብለን ብናስብ በ48 ሲባዛ 28,800 ዶላር ነው፣ ማካካሻውን ሳንቆጥር፣ ለኢንተርንሺፑም አዲስ አበባ ውስጥ እነሱ የሚቀበሉት ሱፐርቫይዘር ራሳችሁ መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው። ካምፓስ ላይ ያለው ግን አሲስታንትሺፕ ከሰጣችሁ ትምህርቱ በነፃ ወይ በቅናሽ ሆኖ ወርሃዊ ብርም አለው። ውድ የሚመስለው የሚረክሰው ለዚህ ነው።

መነሻውም ቀላል አይደለም፣ ቪዛ 185 ዶላር፣ ሴቪስ (የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ ክፍያ) 350፣ ጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) 220። ሐምሌ 2016 ዶላሩ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር አካባቢ እያለ ጂአርኢ 12 ሺህ ተኩል ነበር፣ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ አትፈተኑ! ብዙ ፕሮግራሞች ጂአርኢ ትተዋል፣ አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛ መማራችሁን ዩኒቨርሲቲያችሁ ከጻፈላችሁ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ቶፍልንም ያነሱላችኋል፣ የማመልከቻ ክፍያም በኢሜይል ለጠየቀ የሚተዉ አሉ። እኔ በሁለተኛው የማመልከቻ ዙር አራት ትምህርት ቤት ጠይቄ ሁለቱ ተዉልኝ፣ ጂአርኢ ሳልፈተን ነው ያመለከትኩት።

ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋሉ፣ አንዱ ሥራችሁን በዓይኑ ያየ ሰው ይጻፈው። የብዙዎቹ ቀነ ገደብ ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ መምህሮቻችሁን መስከረም ላይ ያዟቸው፣ ስድስት ኪሎ ትራንስክሪፕት የምታወጡም አብራችሁ ጀምሩ።