ወርድ ወይስ ገጽ?

“ስፋቱ ስንት ነው?” ሲባል ግር የሚለው ሰው ብዙ ነው። አይፈረድበትም። ስፋት የምንለው የጎን ልክንም፣ በካሬ የሚለካውንም ነው። እኔ ለመጀመሪያው “ወርድ” ማለትን እመርጣለሁ።

ወርድ ቀላል ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያለ ርቀት፣ በሜትር የሚለካ። ገጽ ግን የአንድ አካል የውጭ ወሰን ነው። ውፍረት የለውም፤ መጠኑ በካሬ ሜትር ይለካል።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ነገሩ ሲቆራረጥ ነው። ወርዱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ አለው። ወርዳቸው 1 ሚሊ ሜትር በሆነ 1,000 ኩቦች ከፋፍሉት። ይዘቱ ያው ነው። ጠቅላላ ገጹ ግን 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል! የተፈጨ ስኳር ከድፍኑ ቶሎ የሚሟሟው ለዚህ ነው፤ ውሃው የሚነካው ገጽ በዝቷል።