ያገለገለ ቴዎዶላይት ከመግዛታችሁ በፊት የማዕዘን ክፍፍሉን አንብቡ

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ በቅየሳ ሥራ ላይ የተሰማራችሁ ባልደረቦቼ፣ ያገለገለ ኦፕቲካል ቴዎዶላይት (በሌንስ እያነጣጠሩ ማዕዘን የሚለኩበት የቅየሳ መሣሪያ) ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ እኔ የገባሁበት ጣጣ እንዳይደርስባችሁ ይህን ጽፌአለሁ። የገዛሁት ከጣና ዳር ብዙም ከማይርቅ ሱቅ ሲሆን፣ ነጋዴው በረንዳው ላይ ተክሎልኝ ሐይቁ ላይ ወደነበረች ታንኳ ሲያዞረው የቀዛፊው እጅ ሳይቀር ጥርት ብሎ ስለታየኝ ሌንሱን አድንቄ፣ የማዕዘኑን ሚዛን ግን ሳላነብ ገንዘቡን ከፈልሁ።

በማግስቱ በዘጌ መንገድ አንድ ይዞታ ስለካ 372 የሚል ንባብ ገጠመኝ። ዲግሪ ከ360 አያልፍምና መጀመሪያ የተጠራጠርሁት ዓይኔን ነበር። ለካስ መሣሪያው ሙሉውን ክብ ለ400 የሚከፍል የግራድ መሣሪያ ኖሯል (ግራድ በሌላ ስሙ ጎን ይባላል፤ ከቤት ጎን ጋር ግን ዝምድና የለውም)። በዚህ አከፋፈል ቀጤ ማዕዘን 100 ስለሆነ፣ 90 ላይ አቁሜ የቤት ጥግ ችካል ብተክል ኖሮ የማወጣው 81 ዲግሪ ነበር።

ነጋዴው «በ0.9 ማባዛት ብቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን 57.35 ግራድ 51.615 ዲግሪ ከሆነ በኋላ ገና ወደ 51 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ መመንዘር አለበት፤ ይህን ቀኑን ሙሉ በየንባቡ ሲደጋግሙት ስህተት ሳይገባ አይቀርም፤ 20 ሰከንድ ብቻ መዛነፍም በ100 ሜትር ርቀት 1 ሴንቲሜትር ገደማ ያሳስታል። ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ቢሆን መለኪያው ከማውጫው ይቀየር ነበር፤ የኦፕቲካሉ ክፍፍል ግን መስታወት ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ጠጋኝ አይለውጠውም።

ግራድ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ አስርዮሽ በመሆኑ ለመደመርና ለመቀነስ ይቀላል፣ ስሌቱን ሁሉ በግራድ ለሚጨርስ ሰውም ይስማማል። ፕላን በዲግሪ እየመጣለት ችካል ለሚተክል እንደ እኔ ላለው ግን ዕዳ ነው። ታዋቂው የስዊዘርላንድ ዊልድ ቲ2 እንኳ በሁለቱም ክፍፍል ስለተሠራ፣ በስም ብቻ አትመኑ። ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ክቡን አንድ ዙር አዙሩት፤ ከ359 ቀጥሎ 0 ከመጣ የዲግሪ፣ 360 ከመጣ የግራድ ነው። አንዱን ዒላማም በፌስ ሌፍትና በፌስ ራይት (አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ደግሞ ቴሌስኮፑን ገልብጣችሁ መሣሪያውን ወደ ዒላማው መልሳችሁ በማዞር) አንብቡ፤ የአግድም ንባቦቹ ልዩነት በዲግሪ 180፣ በግራድ 200 አካባቢ ካልሆነ ሌላ በሽታም አለበት ማለት ነው።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ነጋዴው ግን ዕቃው አልተበላሸም ብሎ ገንዘቤን አልመለሰልኝም፤ ደረሰኙም «ቴዎዶላይት 1» ከማለት በቀር የሚናገረው ነገር የለም። እናንተ ክፍፍሉን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ልመልስ በሄድሁበት ቀን መደርደሪያው ላይ የእኔኑ የመሰሉ ሁለት ሳጥኖች ገዢ እየጠበቁ ነበር።