ባሕር ዳር ላይ ሳይፈታ የዳነው ሌንሴ

ዘንድሮ ለጥምቀት ከስቶክሆልም ወደ ባሕር ዳር ስመጣ አዲስ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዤ ነበር፤ ፎከሱ በእጅ ብቻ የሚስተካከል። የፎከስ ቀለበቱ ግን ድርቅ ያለ ሆነብኝ። ላዞረው ስታገል ካሜራው አብሮ ይዞራል፤ ታቦታቱን አስተካክዬ እስካይ አልፈው ይሄዳሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያገኘሁት በዓል ብዥ ብሎ ሲቀር እንባዬ መጣ።

በማግሥቱ የገባሁበት የመጀመሪያ ሱቅ ወጣቱ ሻጭ ካቻቢቴ አንሥቶ «ፈትቼ ዘይት ጠብ ላድርግበት» አለኝ። ሌንሴን ተቀብዬ ወጣሁ። ቀጭን ዘይት ባፈሰሱበት አይቀመጥም፤ እየተሳበ ሄዶ ብርሃን የሚመጥኑትን ስስ ብረቶች ያጣብቃል።

ሁለተኛው ገበያው አጠገብ ያለ ጠባብ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ በፊልም ዘመን ካሜራ ሲጠግኑ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ሌንሱን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በዝግታ አዞሩት፤ አሸዋ ገብቶበት እንደሆነ ማዳመጣቸው ነበር። «ልጄ፣ ይህ አልታመመም፤ አዲስ ነው» አሉኝ። ሌንሱን የሚያስወጣውና የሚያስገባው እንደ ብሎን የተጠመዘዘው ክፍል ወፍራም ግራሶ ይቀባል። ግራሶው ብርድ ሲያገኘው ይደድራል፤ በሁሉም በኩል እኩል እስኪዳረስ ደግሞ ይከብዳል። መድኃኒቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግሞ ማዞር ነው፤ ጫፍ ሲነካ ሳይጫኑ መመለስ። በሞተር የሚሠራ ሌንስ ቢሆን ግን አስቀድሞ የፎከሱን ማብሪያ በእጅ ወደሚለው ማዞር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ከሞተሩ ጋር መታገል ይሆናል። «እስኪላላልሽ ድረስ ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ 8 ላይ፣ ርቀቱን 10 ሜትር ላይ አድርገሽ ተዪው» ብለው መከሩኝ። በእኔ ፉል ፍሬም ካሜራ (ምስል የሚቀርጸው ክፍሉ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሚሰፋ) ከ5 ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ሒሳብ ስጠይቃቸው «ምን ሠራሁና?» አሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለ እውቀት ዋጋ የለውም ብዬ አላምንም፤ ሦስት ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ከፈልኳቸው። ኅትመታቸውም ግሩም ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ እናቴ ቡና ስትቆላ፣ ስትወቅጥና ስታፈላ እኔ ቀለበቴን ሳዞር ሰነበትኩ።

ከዚያ በጣና ሐይቅ ወደ ዘጌ ልንሻገር ጀልባ የያዝነው ዋጋ ተነጋግረን ነው። ነጂው ፔሊካኖቹ ዘንድ ስንደርስ ሳልነግረው ሞተሩን አጠፋ፤ አንድ የደንገል ታንኳ በፊታችን ሲያልፍም ማዕበል እንዳናነሣበት ጠበቀ። ደስ አለኝ። ነገር ግን ለአምስት ሰው የነበረው የሕይወት አድን ሰደርያ ሦስት ብቻ ነው፤ ይህ ሊታለፍ አይገባም፤ ለራሱም ነግሬዋለሁ።

ዘጌ ደርሰን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንገባ ፍላሽ አላበራሁም። በዚያ ጨለምለም ባለ ዙሪያ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ግድግዳው ላይ ካሉት ቅዱሳን ባንዱ ዓይን ላይ አነጣጠርኩ። ቀለበቱ በሁለት ጣት ዞረልኝ፤ ዓይኑም ጠራ።