ብር የማይጠይቅ ጠበቃ፣ ወረፋው የማያልቅ ቢሮ

የምወቅሰው ነገር ስላለኝ የቢሮውን ስም አልጽፍም። ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሄድኩት ታናሽ እህቴን ይዤ ነው። አዲስ አበባ ዳር፣ አራብሳ ነው የምትኖረው። ከዚያ እስከ ቢሮው ታክሲ መቀያየር አለ፣ ባሏ በየሰዓቱ እየደወለ "የት ነሽ?" ለሚላት ሴት ደግሞ ከታክሲው በፊት ከቤት የምትወጣበት ሰበብ መገኘት አለበት።

ያነጋገረችን ጠበቃ "ምን አድርገሽው ነው የመታሽ?" አላለችም። በዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ሰጥቻታለሁ። ሽማግሌዎቹ ጠይቀዋታል፣ እናታችንም ጠይቃታለች። "ልጄ፣ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው፣ የባልና የሚስት ገመና አደባባይ አይወጣም" ተባለች፣ ቡና ተፈልቶ ታረቁ፣ እግር ስማ ይቅርታ የጠየቀችውም እሷው ናት! እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ልክ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ፤ ወንዶቹ 28። እናቴን ብቻዋን ምን ልበላት?

ጠበቃዋ የጠየቀችው ወረቀት ነው። የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት፣ የሕክምና ማስረጃ። ኮንዶሚኒየሙ በሱ ስም ነው፣ "ብትወጪ ባዶ እጅሽን ነው" እያለ ነው ያኖራት። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን ንብረቱ በአንዳቸው ስም ቢመዘገብ እንኳ፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ይላል። ፍቺ ስትጠይቅ ፍርድ ቤቱ አስቡበት ብሎ ቢያቆያቸውም ከሦስት ወር አያልፍም። ዱላውን ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 ያስቀጣበታል። ይሄን ሁሉ እህቴ በሚገባት አማርኛ፣ ሳትቸኩል ነገረቻት። አቤቱታውን በነፃ ጻፈችላት፣ የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማትችል ሴትም በድሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍሉ መክሰስ እንዳለ ነገረችን።

ወቀሳዬ ክፍሉ ላይ ነው። ሁለት ባለጉዳይ ጎን ለጎን ይስተናገዳል፣ ወረፋ ጠባቂውም በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። እህቴ የት የት እንደመታት የተናገረችው አንድ የማናውቀው ሰውዬ እያያት ነው። ማታ የት እንደምታድር ሲጠየቁም መልስ የላቸውም፤ ስልክ ቁጥር ሰጥተው ሸኙን። ከተማው ውስጥ የሴቶች ማረፊያ ቤቶች አሉ፣ ግን ቦታ እስኪገኝ እኔ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቼላታለሁ። እህት የሌላትስ?

ከአምስት ሦስት ተኩል።

የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት በጊዜ ድረሱ። ኮፒ ሰፈራችሁ አድርጋችሁ ሂዱ፣ እዚያ በር ላይ ያለው ቤት ዋጋው አይቀመስም። ኦሪጅናሎቹን ደግሞ ምንም ነገር ከመናገራችሁ በፊት ከቤት አውጥታችሁ የምታምኑት ሰው ጋ አስቀምጡ። የእህቴን የጋብቻ ወረቀት ቀዶታል፤ ከወሳኝ ኩነት ምትክ እስኪወጣ አቤቱታው ተጽፎ ቁጭ ብሏል።