«ቲካፕ» እየተባሉ በሚሸጡ ቡችሎች እንዳትታለሉ

ማልቲዝ፣ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ፖሜራኒያን፣ ሺ ትዙ ወይም ቺዋዋ እያፈላለጋችሁ ከሆነ «ቲካፕ» (የሻይ ስኒ የሚያክል)፣ «ማይክሮ»፣ «ኪስ የሚገባ» የሚሉ ማስታወቂያዎች መግጠማቸው አይቀርም። ቡችላው ታጥቦ፣ በፎን ተነፍቶ፣ ሪባን ታስሮለት ፎቶ ተነስቷል። ዋጋውም ከወንድሞቹና ከእህቶቹ በልጦ ተጠርቷል፤ ለምን ቢባል ትንሽ ስለሆነ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ፤ ያ ተጨማሪ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በሽታ ለመግዛት ነው።

ቲካፕ የሚባል ዝርያ የለም። የአሜሪካ ኬኔል ክለብም ሆነ ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን እንዲህ ያለ ዝርያም ሆነ የመጠን ደረጃ አያውቁም። በእነሱ ደረጃ ቺዋዋ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ፣ ፖሜራኒያን ከ1.4 እስከ 3.2 ኪሎ፣ ዮርክሻየር እስከ 3.2 ኪሎ፣ ማልቲዝ በፌዴሬሽኑ ከ3 እስከ 4 ኪሎ (በአሜሪካው ክለብ ከ3.2 ኪሎ በታች)፣ ሺ ትዙ ደግሞ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአገርና በማኅበር ትንሽ ቢለያይም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ «ሲያድግ ከ1 ኪሎ አይበልጥም» የተባለ ማልቲዝ ከደረጃው በታች የወደቀ ውሻ ነው እንጂ የተሻለ ማልቲዝ አይደለም።

እንዲህ ያለ ቡችላ የሚገኘው በሦስት መንገድ ነው። አንዳንድ አርቢዎች ከየወሊዱ ኮስሰው የቀሩትን መርጠው እርስ በርስ ያዳቅላሉ፤ ኩስመናውን ያመጣው የጉበት ወይም የልብ ችግር ከሆነ ችግሩም አብሮ ይወረሳል። ሌሎች ምግብ ይቀንሳሉ። ሦስተኞቹ በዕድሜ ይዋሻሉ፤ የ5 ሳምንቱን ቡችላ የ10 ሳምንት ነው ብለው ይሸጣሉ። ይህን የመጨረሻውን እናንተ ራሳችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ፤ መንገዱም ጥርስ ማየት ነው።

ቡችላ ያለ ጥርስ ይወለዳል። የወተት ጥርስ በ3ኛው ሳምንት ግድም ብቅ ማለት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ክራንቻዎቹና የፊት ጥርሶቹ፣ ቀጥሎ የጎን ጥርሶቹ ይወጣሉ። በ8ኛው ሳምንት አካባቢ 28ቱ ይሞላሉ። በትናንሽ ዝርያዎች ጥቂት ሊዘገይ ይችላል፤ ይሁን እንጂ «10 ሳምንት ሞልቶታል» የተባለ ቡችላ የጎን ጥርሶቹ ከድድ ጨርሶ ካልወጡ የተነገራችሁ ዕድሜ ውሸት ነው። በተቃራኒው «አንድ ዓመቱ ነው፣ ማደጉን ጨርሷል» ብለው መርፌ የሚመስሉ የወተት ክራንቻዎች ብቻ ያሉትን የሚያቀርቡ አሉ። ቋሚ ክራንቻ የሚወጣው ከ5 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ ያ ቡችላ ገና ነው፤ ያድጋል። ሁለት ክራንቻ ጎን ለጎን ቆመው ካያችሁ ደግሞ የወተቱ ጥርስ ሳይወድቅ ቋሚው ወጥቶበታል ማለት ነው። በትናንሽ ዝርያዎች የተለመደ ነው፤ በመካከላቸው ምግብ እየታጨቀ ድድ ስለሚያቆስል የቀረው ጥርስ በማደንዘዣ መነቀል አለበት። ይህን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቡት።

ዕድሜ ይህን ያህል የሚያሳስበን በስኳር ምክንያት ነው። ቡችላ ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ መለየት የለበትም፤ በጣም ትንንሾቹን ጠንቃቃ አርቢዎች እስከ 10 ወይም 12 ሳምንት ያቆያሉ። የትንሽ ቡችላ ጉበት ትንሽ ነውና የሚያጠራቅመው ስኳርም ትንሽ ነው፤ ስብና ጡንቻም ገና አላፈራም። በረሃብ፣ በብርድ፣ በጉዞ ድካም ወይም በተቅማጥ የደሙ ስኳር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ይፈዛል፤ ቀጥሎ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ከዚያ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ ሊሞትም ይችላል። «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ብላችሁ አትተዉት። ማር ወይም በጥቂት ውሃ የተሟሟ ስኳር በጣታችሁ ድዱ ላይ አሹለት። ራሱን ስቶ ከሆነ ወደ ጉሮሮው አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አሙቁት። ነቅቶ መዋጥ ሲችል ምግብ ስጡት፤ ቢያገግምም በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። እንዳይደርስበት ከፈለጋችሁ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ አብሉት። የመጀመሪያውን ሳምንት ሻጩ ሲያበላው የነበረውን ምግብ አትለውጡ፤ ከዚያም ለመለወጥ 7 ቀን ያህል ውሰዱ፤ አዲሱን በየቀኑ በጥቂቱ እያበዛችሁ ቀላቅሉለት።

በአግባቡ እየበላ ይህ የሚደጋገምበት፣ ከበላ በኋላ የሚፈዝ ወይም ግድግዳ እየተጋፋ የሚቆም ቡችላ ሌላ ችግር አለበት። ዮርክሻየርና ማልቲዝ ላይ የሚታወቅ አንድ አፈጣጠር አለ፤ ከአንጀት የሚመጣው ደም በጉበት ሳያልፍ በተዛባ የደም ሥር አልፎ ወደ ዋናው የደም ዝውውር ይገባል። ጉበት የሚገባውን ደም ስለማያገኝ አያድግም፤ ውሻውም አያድግም። ሻጭ «ዘሩ እንዲህ ነው» የሚለው ትንሽነት አንዳንዴ ይህ ነው። ይህን ለማወቅ ከምግብ በፊትና ምግብ ከበላ 2 ሰዓት በኋላ በሚወሰድ ደም የሐሞት አሲድ ምርመራ ይደረጋል። ውድ የሆነ «ቲካፕ» የሚሸጥ አርቢ ይህን ውጤት ማሳየት ካልቻለ ለምን እንዳላስመረመረ ጠይቁት።

አሁን ወደ ፀጉሩ። የተነፋ ፀጉር ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ስለዚህ ቡችላውን ስታዩ ዓይናችሁን ሳይሆን ጣታችሁን እመኑ። በተቻለ መጠን ከመታጠቡ በፊት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የጎድን አጥንቱንና አከርካሪውን ዳብሱ፤ አጥንቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ከቆረቆራችሁ ተርቧል። የራሱን አናት ንኩ፤ በቺዋዋ ትንሽ እርግብግቢት ሳይገጥም ሊቀር ይችላል፣ ብቻውን አያስደነግጥም። ሰፊ ከሆነ፣ ጭንቅላቱ ካበጠና ዓይኖቹ ወደ ውጭ ወደ ታች ካዩ ግን አንጎሉ ውስጥ ውሃ ሳይጠራቀም አልቀረም። እምብርቱ ላይ ለስላሳ እብጠት ካለ ሐኪም ይየው። ከጅራቱ ሥር የደረቀ ሰገራ ካገኛችሁ ወይም በዚያ ቦታ ፀጉሩ ብቻ አዲስ ተቆርጦ ከሆነ ተቅማጥ ነበረው ማለት ነው። ድዱ ሮዝና እርጥብ መሆን አለበት። እንደ ሺ ትዙና ፔኪኒዝ ባሉት ጨፍላቃ አፍንጫዎች ቀዳዳው ስንጥቅ ብቻ ከሆነ አየር በደንብ አያገኝም።

ከዚያ መሬት ላይ ልቀቁት። ሲሮጥ አንዱን የኋላ እግሩን ለሁለት ሦስት እርምጃ አንጠልጥሎ እንደገና የሚረግጥ ከሆነ የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው እየወጣ ነው። ሐኪሞች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ደረጃ ይሰጡታል፤ ከፍተኛዎቹ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ። በደስታ ሲዘል ደረቅና የሚያስተጋባ ሳል ከያዘው የአየር ቧንቧው ደካማ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለውም፣ በአጠቃላይ ለትናንሾቹም ሁሉ፣ የአንገት ማሰሪያ ትታችሁ የደረት ማሰሪያ ተጠቀሙ። ካቫሊየር ከሆነ የምትገዙት የወላጆቹን የልብ ምርመራ ሳታዩ አትስማሙ፤ በዚህ ዝርያ የልብ ቫልቭ በሽታ እጅግ የተስፋፋ ነው።

ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ብቻ ተመልከቱ። አንደኛ፣ ክትባት የሚጀመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። ስለዚህ «የ9 ሳምንት ነው፣ ክትባቱን ጨርሷል» የሚባል ነገር የለም። ካርዱ ላይ የክትባቱ መለያ ቁጥር ያለበት ተለጣፊ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ይኑር። ሁለተኛ፣ ከቆዳው ሥር የተቀበረለት መለያ ቺፕ ብዙውን ጊዜ 15 አኃዝ አለው፤ በማንበቢያ መሣሪያ አስነብቡና ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ሦስተኛ፣ የዘር ሐረግ ምስክር ወረቀት ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል እንጂ ስለ ጤናው ምንም አይናገርም፤ ሻጭ እንደ ጤና ማረጋገጫ ካቀረበላችሁ አትቀበሉት።

የ24 ሰዓት ዋስትና የሚሰጥ ውልም ዋስትና አይደለም። ፓርቮ የተባለው ገዳይ የአንጀት ቫይረስ ቡችላው ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ይቆያል። የምትፈርሙት ውል ለተላላፊ በሽታ ቢያንስ 14 ቀን፣ ከውልደት ለሚመጣ ችግር ደግሞ 1 ዓመት ይስጥ። እናቱን ካላሳዩአችሁ፣ በቀጥታ ቪዲዮ ቡችላውን ከእናቱ ጋር ለማሳየት ምክንያት ከደረደሩ፣ ወይም ቀብድ ከተከፈለ በኋላ የማጓጓዣ ሣጥን፣ የኢንሹራንስ፣ «ተመላሽ የሚሆን» የኳራንታይን ክፍያ እያሉ ከጨመሩ ገንዘብ መላክ አቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቡችላ የለም።

«ፀጉሩ አይረግፍም፣ አለርጂ አያስነሳም» የሚለው ሁለተኛው ማባበያ ነው። አለርጂ የሚያስነሳው ፕሮቲን በምራቁ፣ በቆዳው ፎረፎርና በሽንቱ ውስጥ ነው፤ ከዚህ ነፃ የሆነ ዝርያ የለም። በቤታችሁ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ከዚያው ውሻ ጋር ደጋግሞ ሰዓታት ይቆይ፣ ከዚያ ወስኑ። የፑድል፣ የማልቲዝ፣ የሺ ትዙና የቢሾን ፍሪዝ ፀጉር መሬት ላይ ብዙ የማይታየው የረገፈው ፀጉር በቆመው ፀጉር ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር ነው። የተያዘው ይቆላለፋል፤ ከጆሮ ኋላ፣ ከብብት፣ ከጭን መካከልና ከማሰሪያው ሥር ይቋጠራል። ሻጩ የማይነግራችሁ ሥራ ይህ ነው፤ ፀጉሩን ካስረዘማችሁት በየቀኑ ማበጠር፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ማስቆረጥ።

አብሮ የሚሸጠውን «የአንድ ዓመት የፀጉር እንክብካቤ» ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት አንዲት የሙከራ ቀን ብቻ ክፈሉ። ውሻው በሣጥን ውስጥ ተዘግቶ በሞቃት አየር የሚደርቅ ከሆነ ውሰዱትና ውጡ፤ በተለይ አፍንጫ አጫጭሮቹ በሙቀት ይሞታሉ። ፖሜራኒያንን «ለሙቀት ይበጀዋል» ብለው እስከ ቆዳው እንላጨው ካሏችሁ አትፍቀዱ። ድርብ ፀጉሩ ለመመለስ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይመለስም። ያለ ማደንዘዣ ጥርስ ማጽዳትም ገንዘብ ማባከን ነው። የሚታየው ጥርስ ይነጣል፤ በሽታው ያለው ግን ከድድ በታች ነው፣ እዚያ አይደረስም። የእንባ እድፍ የሚያጠፋ ዱቄት ሲሰጧችሁ ምን እንዳለበት አንብቡ፤ አንዳንዶቹ ታይሎሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ያለባቸው ናቸው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚያስፈልጋችሁ ስሊከር የሚባለው የሽቦ ብሩሽና ሰፊና ጠባብ ጥርስ ያለው የብረት ማበጠሪያ ነው። ፀጉሩን በእጃችሁ ወደ ላይ ይዛችሁ ቆዳው እስኪታይ መስመር ክፈቱ፣ ከሥር አንድ ስስ ንብርብር እየለቀቃችሁ በብሩሽ አውርዱ። በመጨረሻ ማበጠሪያው ከቆዳ እስከ ጫፍ ሳይያዝ ካለፈ ብቻ አልቋል ማለት ነው። ላይ ላዩን ብቻ መቦረሽ ትልቁ ስህተት ነው፤ ላዩ ያምራል፣ ሥሩ እንደ ምንጣፍ ይደድራል። የተቋጠረውን ሳትፈቱ አትጠቡ፤ ውሃ ያጠብቀዋል። ቋጠሮን በመቀስ ለመቁረጥ አትሞክሩ፤ ቆዳው ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ይቆረጣል። ካልተፈታ ባለ 10 ቁጥር ምላጭ ባለው ማሽን ከሥሩ ይላጭ፤ የሚያስቀረው ፀጉር 1.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ምላጩ ስለሚግል በየጥቂት ደቂቃው አንጓችሁ ላይ ሞክሩት። የሰው ሻምፑ ለውሻ ቆዳ አይስማማም። ጥፍር በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይቆረጥ፤ ከእግሩ ውስጠኛ ጎን ከፍ ብሎ ያለውን ጥፍር አትርሱ፤ መሬት ስለማይነካ አይበላም፣ ተጠምዝዞ ሥጋ ውስጥ ይገባል።

በየቀኑ ለማበጠር ጊዜ የሌለው ሰው አጭር ፀጉር ያለውን ቺዋዋ ቢመርጥ ወይም ረጅሙን ሁልጊዜ አሳጥሮ ቢይዝ ይሻላል። ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከ4 ኪሎ በታች የሆነ ውሻ ባያስገባ እንመርጣለን፤ ከሶፋ ላይ መውደቅ ብቻ እግሩን ሊሰብረው ይችላል።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ያየው፤ የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ተቀበሉ። ማስታወቂያውን፣ የተላላካችኋቸውን መልእክቶችና ደረሰኙን አስቀምጡ። ቡችላውን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ግራም በሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን መዝኑና ጻፉ፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ክብደት ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ ሦስተኛውን ቀን ሳትጠብቁ መልሳችሁ ውሰዱት።